የብርጓል በወላጆች ቀን የተናገረችው

የማባዣ ማሽን ቀለም ሽታ ዛሬ የሚያውቀው ሰው እምብዛም የለም። ፈተና በስቴንስል ተመትቶ በእጅ በሚዞር ማሽን ይባዛ በነበረበት ዘመን፣ ያ ጥቁር ቀለም ከላምባ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ውስጥ ከገባ ቀኑን ሙሉ አይወጣም ነበር። እኛ ተማሪዎች ሳለን ሽታው ከቢሮው መስኮት ብቅ ሲል ፈተና መድረሱን እናውቃለን። ማሽኑ ከተጣለ ብዙ ዘመን ሆነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ትንሽ ከተማችን ግን የትምህርት ቤቱ ማባዣ ክፍል ዛሬም አለ። ግድግዳው ላይ የቀለሙ ፍንጣቂ አለ፤ ዝናብ ሲጀምርና እርጥበት ሲገባ ሽታውም ተመልሶ ይመጣል።

መምህር የሺዋስ የክርክር ክበቡን የከፈተው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ሌላ ባዶ ክፍል አልነበረም። ክፍሉ ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ ይዋሰናል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እኔ ስለሆንሁ፣ የተቀደዱ መጻሕፍት እየለጠፍሁ ልጆቹ የሚከራከሩትን ሁሉ እሰማ ነበር።

የብርጓል ውበቱን ያወቅኋት በዚያ ግድግዳ በኩል ነው። ከዲማ በኩል ካለ የገጠር ቀበሌ ዘጠነኛ ክፍል ልትማር የመጣች ልጅ ናት። እንደ ገጠር ተማሪዎች ሁሉ ከሁለት ሴት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ከቤት በሚመጣላት በሶና ድርቆሽ ትኖራለች። እናቷ በልጅነቷ ሞታለች፤ ታላቅ ወንድሟ አዲስ አበባ ሄዶ በዚያው ቀርቷል። ክበቡ ውስጥ ከገባች በኋላ ብዙ ጊዜ ድምፅዋን አልሰማሁም። ከኋላ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

አንድ ቀን ፈሐድ የሚባል፣ አባቱ ገበያው ዳር የእህል መደብር ያለው፣ አፈኛ ልጅ እየተናገረ ነበር። ርዕሱ ተማሪ ሞባይል ይያዝ አይያዝ የሚል ነው።

«ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው» አለ ፈሐድ።

«ሁሉም ሰው ማነው?» አለ ከኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ።

«ሁሉም ሰው ነዋ።»

«እኔም አለሁበት?»

«አለሽበት እንጂ።»

«እኔ አላውቀውም። እንግዲህ ሁሉም አይደለም።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፈሐድ ራሱ ሳቀና «ይቺን ልጅ ወይ ከኔ ወገን አድርጓት፣ ወይ ከበር መልሷት» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ የብርጓል ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ተነሥታ አታውቅም።

መምህር የሺዋስ ራሱ የገበሬ ልጅ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ የጠመኔ ብናኝ ከጃኬቱ የማይጠፋ ሰው። የክበቡ ሕግ ብዙ አልነበረም። ማን የትኛውን ወገን ይዞ እንደሚከራከር በእጣ ይለያል። «የምታምኑበትን መናገር ማንም ይችላል» ይላቸዋል። «የደረሳችሁን ወገን እንደራሳችሁ ሐሳብ አድርጋችሁ ተናገሩ፤ ከከንፈር ሳይሆን ከሆድ። የተቃዋሚህን ሐሳብ እሱ ካስረዳው የተሻለ ማስረዳት ካልቻልህ፣ ገና አልገባህም ማለት ነው፤ ተቀመጥ።» ሲጨርሱ ደግሞ ለአዳማጩ ጎንበስ ብለው አመስግነው፣ ተቃዋሚያቸውን ጨብጠው መውጣት አለባቸው። ይህን የዘነጋ ያሸነፈ ቢሆንም ነጥብ ይቀነስበታል።

ልጅቱ ይህን ትምህርት እንደ ውሃ ጠጣችው። አከራይዋ እማማ ወለተ ሐዋርያት አንድ ቀን ዘንጋቸውን ይዘው ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጡ።

«ያለምወርቅ፣ ይቺን ልጅ ምን እያስተማራችኋት ነው?» አሉኝ። «ውሃ ቅጂ ስላት ምክንያቱን ትጠይቀኛለች።»

«ታዲያ ነገሯት?»

«ነገርኋት።»

«ቀዳች?»

«ቀዳች እንጂ። እኔ ግን ደከመኝ።»

የብርጓል ሐሳቧ አንድ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ ሕግ መማር። ይህን ለብዙ ሰው አልተናገረችም። ለእኔ የነገረችኝ የተገነጠለ የዜግነት ትምህርት መጽሐፍ ስናጣብቅ ነው። «እትዬ፣ ዳኛ ሲፈርድ የሁለቱንም ወገን እኩል ይሰማል አይደል? እኔ መስማት እችላለሁ» አለችኝ።

አባቷ አያ ውበቱ ረዥም፣ ከሲታ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሽማግሌ ናቸው። በአህያ ስንቅ ጭነው ሲመጡ ሁልጊዜ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው ይጠብቋታል። ማንበብ አይችሉም፤ ግን በመስኮት መጻሕፍቱን ያያሉ። «ይህን ሁሉ አንብባ ትጨርሰዋለች?» ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ። «ትጨርሰው ይሆናል» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «እግዚአብሔር ያበርታት» አሉ። ልጃቸውን ከትምህርት የማስቀረት ሐሳብ ያኔ በልባቸው እንዳልነበረ እኔ እመሰክራለሁ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች፣ በግንቦት፣ የወላጆች ቀን ሆነ። መምህር የሺዋስ ለወላጆች ክርክር ሊያሳይ ተዘጋጀ። ርዕሱም እነሱን የሚመለከት እንዲሆን ብሎ፣ «ለገበሬ ልጅ ከተማ ገብቶ ከመማር መሬቱን ይዞ መቆየት ይሻለዋል» የሚል አደረገው። በሌላው ጊዜ እጣው በተጠቀለለ ወረቀት ነው። ለዚያ ቀን ግን ገበሬዎቹ እንግድነት እንዳይሰማቸው ብሎ አገርኛውን አሠራር መረጠ። መሬት ሲደለደል እንደሚደረገው ሁሉ፣ የብርጓል ከሹራቧ ቁልፍ በጥሳ ሰጠች፤ ፈሐድ የብዕር ክዳን ሰጠ። ሁለቱም ዕቃዎች በመምህሩ ቆብ ውስጥ ገቡ። ከጎረቤቱ አንደኛ ደረጃ አንዲት ሕፃን ተጠርታ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ እጇን ከተተች። «ይህ መሬት ይሻላል ለሚለው» ሲባል ቁልፉን አወጣች።

ሜዳው ላይ የተቀመጡት ገበሬዎች ወዲያው አንገታቸውን ቀና ቀና አደረጉ። እስከዚያ ድረስ የሥራ ኃላፊዎች ንግግር አሰልችቷቸው ነበር።

የብርጓል ወደ መምህሩ ጠጋ ብላ አንድ ነገር አንሾካሾከች። ከፈሐድ ጋር እንቀያየር ማለቷ ነበር። ፈሐድም እጁን አውጥቶ «እኔ ደስ ይለኛል መምህር፣ ሹፌር ልሆን ነው፣ ትምህርት ይሻላል ብዬ እንዴት አፌን እሞላለሁ?» አለ። ሰው ሳቀ። መምህር የሺዋስም እየሳቀ በድምፅ ማጉያው «እጣ አይለወጥም» አለ። ወላጆቹ አጨበጨቡ፤ አያ ውበቱም ከመካከላቸው ሆነው አጨበጨቡ።

ለዝግጅት ትንሽ ጊዜ ተሰጥቷቸው ከዚያ ተናገረች። እንደዚያ ቀን ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ» ብላ ጀመረች። «አባቴ ዳለቻና ቦቃ የሚባሉ ሁለት በሬዎች አሉት። ማታ በስማቸው ሲጠራቸው ቀና ይላሉ። እኔ ግን እዚህ ከተማ ስኖር በስሜ የሚጠራኝ ጎረቤት የለም። ተከራይዋ ነው የምባለው።»

«እኔ በስምሽ እጠራሽ የለም እንዴ?» አሉ እማማ ወለተ ሐዋርያት ከተቀመጡበት። ሜዳው በሳቅ ሞላ። እሷ ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች፤ እንዲህ መጠበቅንም ያስተማራት መምህሩ ነው።

«ወንድሜ ከተማ ይሻላል ብሎ ሄደ። ስልኩ ይጠራል፤ አይነሣም። ከተማ ወንድሜን የት እንዳደረሰችው የሚያውቅ እዚህ አለ? ወንዝ ዳር ያለችው መሬታችን የት እንዳለች ግን እኛ እናውቃለን። አባቴ ጉልበቱ ሲደክም ምርቷን እየተካፈለ እንዲያርሳት ለሌላ ሰው በእኩል ሰጣት። መሬቷ አለች። የሚረግጣት የኛ እግር አይደለም።»

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ፈሐድ በበኩሉ ጥሩ ተናገረ፤ ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ መንገዱም ከትምህርት እንደሚመጣ ዘረዘረ። የብርጓል መልስ ስትሰጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

«አባትህ የሚሸጠው ጤፍ ከየት ይመጣል?»

«ከናንተ።»

«ሁላችንም ወደዚህ ከመጣን ምን ትሸጣላችሁ?»

ሜዳው ተነሥቶ አጨበጨበ። ዳኞቹ ለእሷ ፈረዱ፤ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ተሸለመች። ጎንበስ ብላ አመሰገነች፤ ፈሐድን ጨበጠች። አያ ውበቱ መጥተው ግንባሯን ሳሙ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

በኋላ መዝገበ ቃላቱን በላስቲክ ልሸፍንላት ወደ እኔ አመጣችው። «ያን ሁሉ ከየት አመጣሽው?» አልኋት።

«ሁሉም እውነት ነው እትዬ» አለች። «ግን ሐሳቤ አይደለም።»

ሰኔ ሊገባ ሲል አያ ውበቱ መጡ። አህያው ላይ ስንቅ አልነበረም። ያደረጉትን በሰው በሰው ቀድመን ሰምተን ነበር። በማኅበራቸው ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ወንዝ ዳሯን መሬት ከእኩል አራሻቸው መልሰው ተረክበዋል። «ልጄ በሸንጎ ፊት፣ እጣ ወጥቶላት፣ ወደ መሬቴ እመለሳለሁ ብላለች» ነው ያሉት። አራሹም የወላጆች ቀን እዚያው ተቀምጦ የሰማ ሰው ስለሆነ ሳይከራከር አስረከበ፤ ሌላ መሬት ፈልጎም ያዘ። ሴት ልጅ በሬ ጠምዳ እንደማታርስ የታወቀ ነው። የሚያርሰው ማነው ሲባሉ አያ ውበቱ «ሰው ይገኛል» ብለዋል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ ሊድሯት ነው።

መምህር የሺዋስ ከዚያ በፊት ልጅቱን ጠርቶ ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ላመልክት ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር። «ምን ብዬ?» አለችው። «ያልሁትን ሰምቶ አመነኝ ብዬ አባቴን ልክሰሰው?»

እንግዲህ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አራታችን ማባዣው ክፍል ተቀመጥን፤ አባቷ፣ እሷ፣ መምህሩና እኔ። እኔን የጠራኝ መምህሩ ነው፤ በዕድሜ ስለምበልጥ ይሰሙኛል ብሎ ይሆናል። ውጭ ሲያካፋ ነበርና የቀለሙ ሽታ ከግድግዳው ይመጣል። አያ ውበቱ ከትከሻቸው የአህያውን መጫኛ አውርደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ለዓመታት በእጅ የለሰለሰ ጠፍር ነው።

«የኔታ፣ እርስዎ ምስክሬ ነዎት» አሉ። «እጣ አይለወጥም ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ለጨዋታው እኮ ነው አያ ውበቱ። ለትምህርት ነው።»

«ሕፃን ናት ያወጣችው፤ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ።»

«አዎ፣ ግን …»

«ያቺ ወንዝ ዳር ያለችው መሬት ለእኔ እንዴት እንደደረሰችኝ ልንገርዎት?» አሉ ረጋ ብለው። «በድልድሉ ጊዜ ነው። እኔ ከቡልኮዬ ክር መዝዤ ሰጠሁ። ጎረቤቴ የባቄላ ፍሬ ሰጠ። ሕፃን አወጣ። ለእኔ ወንዝ ዳሯ፣ ለጎረቤቴ ድንጋያማው። ሰውየው አለቀሰ፤ እያለቀሰም ወሰደ። ጨዋታ ነው ያለ አልነበረም። እግዚአብሔር የሚናገርበት ሌላ መንገድ እኛ አናውቅም።»

መምህር የሺዋስ ግንባሩን ጠረገ። «የተናገረችው የደረሳትን ወገን ነው። የፈሐድ ወገን ቢደርሳት ኖሮ ያንን ትናገር ነበር።»

«አልደረሳትማ።»

«ራሷን ይጠይቋት እንግዲያ።»

አያ ውበቱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የተናገርሽው ውሸት ነበር?»

«ውሸት አይደለም አባባ።»

«ስለ ወንድምሽ ያልሽው?»

«እውነት ነው።»

«ስለ መሬቷስ?»

«እውነት ነው። ግን ሐሳቤ አይደለም።»

ሽማግሌው ይህን እንደ ከባድ ሸክም ወዲያና ወዲህ አሉት። «እውነት ከሆነ» አሉ በመጨረሻ፣ ከልባቸው ሊያውቁ ፈልገው፣ «ሐሳብሽ የማይሆነው ለምንድን ነው?»

መምህሩን አየሁት። ልጆቹ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲጠይቁ ለማድረግ ስንት የከሰዓት በኋላ በዚያ ክፍል ደክሟል። አሁን የሚጠይቅ ሰው አገኘ። እኔ «ልጅ ናት እኮ፣ ፈተናዋን ትፈተን» አልሁ። ድምፄ ለራሴም ባዶ ሆኖ ተሰማኝ። አያ ውበቱ በአክብሮት ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልኝ።

«የብርጓል» አለ መምህር የሺዋስ፣ «ተነሺ። ሌላውን ወገን ለአባትሽ አስረጃቸው። ሰዓት የለም። እስክትጨርሺ እንሰማለን።»

ተነሣች። በልማድ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄዳ ጠመኔ ያዘች፤ ምንም ግን አልጻፈችም። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው መንገዱን አገኘ። ወንድሟ የጠፋው ተምሮ ሳይሆን ሳይማር ስለሄደ ነው አለች። መሬቷ ትንሽ እንደሆነች፣ ለሁለት ብትከፈል በሬ እንደማታዞር ተናገረች። እናቷ ምጥ ይዟት መንገድ ላይ የሞተችው የሚያዋልድ የተማረ ሰው በአካባቢው ስላልነበረ መሆኑን ስትናገር አያ ውበቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተምሬ ዳኛ ሆኜ መሬታቸውን ለተቀሙ ሰዎች እፈርዳለሁ፣ እርስዎንም እጦርዎታለሁ አለች። ከወላጆች ቀኑ የበለጠ እንጂ ያነሰ አልነበረም። ስትጨርስ መምህሩ እጁን ለጭብጨባ አንሥቶ መልሶ አወረደው።

ካፊያው ቆርቆሮውን ይመታል።

«ጥሩ ነው» አሉ አያ ውበቱ። «ያኛውም ጥሩ ነበር። ያኛውን ስሰማ አለቀስሁ፤ ይህንንም ስሰማ አለቀስሁ።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «የኔታ፣ እኔ ያልተማርሁ ሰው ነኝ፣ አይፍረዱብኝ። ሁለቱንም እኩል አሳምራ ከተናገረች፣ ልጄ የትኛዋ ናት?»

«የአሁኗ ናት» አለ መምህሩ።

«በምን አውቃለሁ?»

አያ ውበቱ እንደገና ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ድምፃቸው እንደ ቀድሞው ለስላሳ ነው።

«ልጄ፣ አላስገድድሽም። አህያው ዕቃሽን ሊጭን ባዶውን መጥቷል። ባዶውን ይመለስ ካልሽ አንድ ቃል በይኝና እመልሰዋለሁ። ማኅበሩ ፊት ቆሜ፣ ልጄ ያለችው ለጨዋታ ነው፣ እኔም ልጅ ተናግራ አምኜ ነው እላለሁ። መሬቷ ዘንድሮ ጦም ታድራለች። አራሹ ሌላ ይዟል። ይሁን። ሰው ይስቃል፣ ይረሳል። አንድ ቃል ብቻ በይኝ፤ ግን ይህን ቃል እጣ ሳይወጣልሽ፣ ማንም ተናገሪ ሳይልሽ፣ ከራስሽ አውጥተሽ በይኝ።»

ለሁሉም ነገር መልስ የነበራት ልጅ ጠመኔዋን ይዛ ቆመች። አፏን ስትከፍት ትዝ ይለኛል። ምን ልትል እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ማንኛውም የምትለው ቃል የተጠና እንደሚመስል ታይቷት ይሆናል፤ ምናልባትም የአባቷን እጆች እያየች ነበር፤ ጉልበታቸው ላይ ተዘርግተው፣ የተሰነጣጠቁ፣ ምንም የማይጠይቁ እጆች። መምህር የሺዋስ «በይ እንጂ የብርጓል» አለ በቀስታ። ልመና ነበር።

ጠመኔዋን ሰሌዳው ሥር አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ አራገፈች። ወደ ጠረጴዛው መጥታ መጫኛውን አነሣች፤ እንደሚያጥፉት አጥፋ ክንዷ ላይ አኖረችው። ጎንበስ አላለችም፤ አላመሰገነችም፤ ከሦስታችን አንዳችንንም ቀና ብላ አላየችም። በሩን ገፋ አድርጋ አህያው ወደቆመበት፣ ወደ ካፊያው ወጣች።